ካርድ ይዞ መታመም

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱን መረጥኩ። ሦስቱም የጉዞና የጤና ኢንሹራንስ ጥያቄ ናቸው፤ አንዱ ወደ ዱባይ፣ አንዱ ወደ አሜሪካ፣ አንዱ ወደ ጀርመን። ከዚራ በረንዳዬ ላይ፣ በዘጠኝ ሰዓቱ ሙቀት ሳነባቸው ጎረቤቴ በአጥሩ አሻግራ «ሲስተር፣ ድሬ የሚቀር ሰው የለም እንዴ?» አለችኝ። እኔም ሄጄ የመጣሁ ነኝና መልስ አጣሁላት።

ለአዲስ አንባቢ ባጭሩ፦ ድሬዳዋ ነርስ ነበርኩ። ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. ዱባይ፣ ዴይራ ሰፈር፣ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ሠርቻለሁ። የነርስነት ፈቃድ ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወደቅኩና የኢንሹራንስ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሥራዬ የታመመ ሰው ካርድ ተቀብሎ «ይሸፍናል» ወይ «አይሸፍንም» ማለት ነበር። ሁለተኛውን ስናገር የሰው ፊት እንዴት እንደሚሆን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ጥያቄ፦ «ሐረር ሸዋ በር አካባቢ ትንሽ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለኝ። የ24 ዓመት ልጄ ዱባይ ሆቴል ተቀጥራ ልትሄድ ነው፤ ሜዲካሏንም አልፋለች። አሁን ኤጀንሲው ‹ለጤና ኢንሹራንስ 40 ሺህ ብር ክፈሉ፤ ካርዱ ግን ሦስት ወር ከሠራች በኋላ ነው የሚወጣላት› አለን። ሌላው ጭንቀቴ፣ ልጄ አስም አለባት። ለማንም አልተናገረችም፤ ብናገር ሥራው ይቀርብኛል ትላለች። ገንዘቡን ልክፈል? አስሙስ ይነገር ወይስ ዝም ይባል?» አባት፣ ከሐረር

ጋሼ፣ ገንዘቡን አይክፈሉ።

የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወጪውን ለሁለት ከፍሎታል። ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ ክትባት፣ የልደት ሰርተፊኬት የሠራተኛው ነው። የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢንሹራንስም ጭምር የአሠሪው ነው። ዱባይም የራሷ ሕግ አላት። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የጤና መድን ሕግ ቁጥር 11 ቀጣሪው ሠራተኛውን በራሱ ወጪ እንዲያስመዘግብ ያስገድዳል፤ ለኢንሹራንሱ የሚከፈለውን፣ አረቦኑን፣ ከደመወዝ መቁረጥ ክልክል ነው። እንግዲህ እዚህ አባትን ማስከፈል ከየት መጣ? ለኤጀንሲው «እሺ፣ እከፍላለሁ፤ ደረሰኝ ስጡኝ፣ ‹የጤና ኢንሹራንስ› ብላችሁ ጻፉበት» ይበሏቸው። ከጻፉልዎ ያንን ይዘው ውሉን ወዳጸደቀው መሥሪያ ቤት ይሂዱ። ካልጻፉም መልሱን አገኙ ማለት ነው።

«ሦስት ወር ከሠራች በኋላ» የሚለውንም አይመኑ። የሙከራ ጊዜ የሆቴሉና የልጅዎ ጉዳይ ነው። ኢንሹራንሱ የሚሄደው ከመኖሪያ ፈቃዱ ጋር ነው። ሥራው ከዱባይ ወጣ ብሎ ሻርጃ ወይም አጅማን ቢሆንም እንኳ፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በእነዚያ ኤሚሬቶች ያለ የግል ድርጅት ሠራተኛም የቤት ሠራተኛም ያለ ኢንሹራንስ ፈቃዱ አይወጣለትም፣ አይታደስለትምም። የእነዚያ ኤሚሬቶች መሠረታዊ ፓኬጅ ሲጀመር የዓመት ዋጋው 320 ድርሃም ነበር። በዕለቱ ምንዛሬ አስልተው ከ40 ሺው ጋር ጎን ለጎን ያስቀምጡት።

አሁን ወደ አስሙ። ልጅዎ ሁለት ነገር ቀላቅላ ነው የፈራችው። እኛ አገር «ሜዲካል አለፈች» ሲባል ሁሉም ነገር ያለቀ ይመስለናል። ሜዲካል ማለት ለመኖሪያ ፈቃድ የሚደረግ ምርመራ ነው፤ በዋናነት የሚፈልጉት እንደ ቲቢና ኤች አይ ቪ ያለውን ተላላፊ በሽታ ነው። አስም እዚያ ውስጥ የለም። የኢንሹራንሱ ፎርም ደግሞ ሌላ ወረቀት ነው። «የቆየ ሕመም አለብሽ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ እዚያ ላይ እውነቱ ይጻፍ። ደብቃ ገብታ በሁለተኛው ወር የአስም መድኃኒቱን፣ ሳልቡታሞል ብታስጽፍ፣ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠችው እንደኔ ያለች ሴት መጀመሪያ የምታየው ያንን ፎርም ነው። «የለብኝም» ብላ የፈረመችበትን አይታ ጥያቄውን ትመልሰዋለች። እኔም እንጀራዬ ሆኖ ብዙ መልሻለሁ።

ብትናገርም ግን ወዲያው አይሸፈንላትም፤ ይህንን አስቀድመው ይወቁት። በዱባይ መሠረታዊ ውል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበ ሰው ለቆየና ለነባር ሕመም እስከ ስድስት ወር ይጠብቃል። ስለዚህ የስድስት ወሩን እዚሁ ያዘጋጁላት፦ የሚነፋውን መድኃኒት በዛ አድርጋ፣ ከነካርቶኑ፣ ሐኪም በእንግሊዝኛ ጽፎና ማኅተም አድርጎ በሰጣት ማዘዣ ትያዝ። ማዘዣው ላይ ያለው ስም ፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር በፊደል አንድ ይሁን። ሕመሙ ድንገት ከተነሳባትና ትንፋሽ ካጠራት ግን ወር አትቁጠር፣ 998 ደውላ አምቡላንስ ትጥራ።

ሻንጣዋን እርስዎ ራስዎ ይፈትሹ። ትራማዶል የሚባለው የሕመም ማስታገሻም፣ ኮዴይን ያለበት የሳል ሽሮፕም እዚያ ቁጥጥር ያለበት መድኃኒት ነው፤ ያለ ቅድሚያ ፈቃድ ይዞ መግባት ያሳስራል። እኛ ሰፈር «ለራስ ምታት» ተብሎ ከኪስ ወደ ኪስ የሚዞረው ኪኒን ብዙ ጊዜ ያው ትራማዶል ነው። ጫትማ ለሐረር ሰው ባይነገር ይሻላል፤ ግን ልናገር። ከአወዳይ ለጓደኛ ተብሎ በፌስታል የተጠቀለለ አንድ እስር እዚያ አደንዛዥ ዕፅ ነው።

አንድ የራሴን ልንገርዎ። በ2007 ዓ.ም. ሌሊት የኩላሊት ጠጠር ያዘኝ። ቀኑን ሙሉ ሰው ስለ ኢንሹራንስ ስመክር የምውል ሴት፣ ታክሲ ይዤ መብራቱ ወደ ታየኝ ትልቅ ሆስፒታል ገባሁ። የኢንሹራንስ ኩባንያዬን ያውቁታል፤ የእኔ የካርድ ደረጃ ግን እነሱን አይጨምርም። ኔትወርክ የሚሉት ይህ ነው። አንዱ ኩባንያ አራት አምስት ዓይነት ካርድ ይሸጣል፤ በአንዱ የሚያስገባው በር በሌላው ይዘጋል። መርፌ ወግተውኝ፣ አልትራሳውንድ አንስተውኝ፣ 1,900 ድርሃም ከፍዬ ወጣሁ። በኋላ ገንዘቡ እንዲመለስልኝ የክፍያ ጥያቄ፣ ክሌም የሚሉትን፣ አስገባሁ። «ፎርሙ ላይ የሐኪሙ ማኅተም የለም» ተብሎ ተመለሰ። ማኅተሙን ፍለጋ ሦስት ቀን ተመላለስኩ። ከአራት ወር በኋላ 1,100 ድርሃም ገባልኝ፤ የቀረው ቀረ። ስለዚህ ልጅዎ ገና በገባችበት ሳምንት፣ ጤነኛ ሳለች፣ ለሆቴሉ የሰው ኃይል ክፍል ይህንን ትጠይቅ፦ የኔ ኔትወርክ ማን ይባላል? ለመኖሪያዬ የሚቀርበኝ ክሊኒክ የትኛው ነው? ሌሊት ቢያመኝስ የትኛው ሆስፒታል ልሂድ? መልሱን ስልኳ ላይ ትጻፈው።

እንዲህ ያለ ካርድ ይዞ በቀጥታ ስፔሻሊስት ጋ አይኬድም፤ መጀመሪያ ጠቅላላ ሐኪም ያያታል። ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም። በማኅበረሰብ ጤና መድህን ያለን ሰው ሆስፒታል በቀጥታ ብንሄድ «የጤና ጣቢያ ሪፈር የታለ?» እንደምንባለው ነው። ለተመላላሽ ሕክምናም ድርሻዋን ትከፍላለች፤ በመሠረታዊው የዱባይ ውል 20 በመቶ ነው። ኢንሹራንስ አለኝ ብላ ባዶ ኪሷን እንዳትሄድ።

ስለ ስም ከላይ ጠቀስ አድርጌ አለፍኩት፤ አልጠግበውም። አንዲት የሐረር ልጅ ነበረች፤ የአባቷ ስም መሐመድ። ፓስፖርቷ ላይ በሁለት «ኤም»፣ የኢንሹራንስ ካርዷ ላይ በአንድ፣ የላብራቶሪ ወረቀቷ ላይ ደግሞ መጀመሪያው «ሙ» ሆኖ ተጽፏል። ኮምፒውተሩ ሦስት ሴቶች አደረጋት። የደም ምርመራዋ ተሠርቶ ውጤቱ ያለ ባለቤት ሁለት ሳምንት ተቀመጠ። ካርዱ በእጇ በገባ ቀን ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል ታስተያየው፤ ስሕተት ካለ ያኔውኑ ታስተካክል። በታመመች ቀን የሚያስተካክልላት የለም።

ጥያቄ፦ «ይህንን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። እኔ ቀፊራ ቅመም እየሸጥኩ ልጆቼን ያሳደግኩ ነኝ። ልጄ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ናት፤ ልትወልድ ስለሆነ ላርሳት እሄዳለሁ። ቪዛው ተገኝቷል፤ ስድስት ወር እቆያለሁ። ስኳር አለብኝ፣ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን እወጋለሁ፤ የግፊትም ኪኒን አለኝ። ልጄ ‹እኔ ጥሩ ኢንሹራንስ አለኝ፣ በእኔ ትታከሚያለሽ› ትለኛለች። ጎረቤቴ ደግሞ ‹አሜሪካ አንድ ቀን ሆስፒታል ብትተኚ ልጅሽን ቤት ታሸጫታለሽ› አለችኝ። ደግሞ ፓስፖርቴ ላይ 71 ዓመት ይላል፤ እኔ ግን አብዮቱ ሲፈነዳ 14 ዓመቴ ነበር። ምን ይሻለኛል? አንቺው ንገሪኝ።» እናት፣ ከድሬዳዋ ነምበር ዋን

እማማ፣ እኛ ድሬዎች አንቱታ አንችልም ይሉናል፤ እርስዎም «አንቺ» ብለው ጻፉልኝ፣ ደስ አለኝ። እኔ ግን ብዕር ስይዝ አልደፍርም፣ አይቀየሙኝ።

ልጅዎ ከፍቅር ነው የተናገረችው፣ ግን ተሳስታለች። አሜሪካ ከሥራ የሚሰጥ ኢንሹራንስ ባልን፣ ሚስትን፣ እስከ 26 ዓመት ድረስ ልጅን ያስገባል። ለጥየቃ የመጣች እናትን አያስገባም። የመንግሥቶቹም፣ ሜዲኬርና ሜዲኬይድ የሚባሉት፣ በጥየቃ ቪዛ ለገባ ሰው አይደሉም። ለእርስዎ የሚሆነው «የጎብኚ ኢንሹራንስ» ተብሎ ለብቻው የሚሸጠው ነው። ልጅዎ እዚያ ሆና በኢንተርኔት ልትገዛልዎ ትችላለች፤ እርስዎ ከመሳፈርዎ በፊት ቢገዛ ይመረጣል፣ የመጀመሪያው ቀን እንዳያመልጥ።

ሲገዛ ሁለት ዓይነት ያጋጥማታል። አንደኛው ለእያንዳንዱ ነገር የተቆረጠ ገንዘብ ይሰጣል፤ ለአንድ ቀን አልጋ ይህን ያህል፣ ለአንድ ሐኪም ይህን ያህል ብሎ። ርካሽ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ግን ሂሳቡ ከተቆረጠው በብዙ ይበልጣል፣ ልዩነቱ የልጅዎ ዕዳ ይሆናል። ሁለተኛው በመቶኛ የሚከፍለው ነው። በዚህኛው መጀመሪያ ከራስ የሚወጣ መጠን አለ፣ ዲዳክቲብል ይሉታል። ለምሳሌ ዲዳክቲብሉ 500 ዶላር ቢሆንና የ3,000 ዶላር ሂሳብ ቢመጣ፣ 500ው ከልጅዎ ኪስ ይወጣል፤ ከቀረው 2,500 ላይ ኢንሹራንሱ 80 በመቶ ቢሸፍን 2,000 ከፈለ ማለት ነው፣ ሌላ 500 ደግሞ ከእሷ። እኔ ብሆን ውዱን፣ ሁለተኛውን እገዛለሁ። በርካሹ ሲያለቅስ ያየሁት ሰው ይበዛል።

አሁን ዋናው ነገር። የስኳርና የግፊት ሕመምዎ ለእነሱ «ከውሉ በፊት የነበረ ሕመም» ነው፤ ፕሪ ኤግዚስቲንግ ይሉታል። የጎብኚ ኢንሹራንስ ለክትትል፣ ለኢንሱሊን፣ ለኪኒን አይከፍልም። አንዳንዱ ውል ላይ ግን አንድ መስመር አለ፦ የነበረው ሕመም ሳይታሰብ፣ ምልክት ሳያሳይ፣ በድንገት ከተባባሰ እሸፍናለሁ ይላል፤ አኪዩት ኦንሴት ይባላል። ብዙውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ሕክምና መፈለግ ግዴታ ነው። «ትንሽ ልየውና ነገ እሄዳለሁ» የምንለው ነገር እዚህ ላይ ገንዘብ ያሳጣል።

ይህ መስመር የዕድሜ ገደብም አለው። በብዙዎቹ ውሎች 70 ዓመት ሲሞላ ይቆማል ወይም ገንዘቡ እጅግ ይቀንሳል። እማማ፣ እርስዎ በ1966 14 ዓመትዎ ከነበረ ዛሬ ገና 66 አካባቢ ነዎት። ፓስፖርቱን የሞላው ሰው በግምት ያስቀመጠው አምስት ዓመት ይህንን መስመር ሊዘጋብዎ ይችላል ማለት ነው። «እንግዲያው ልጄ 66 ብላ ትሙላልኝ» እንዳይሉ ብቻ። ኢንሹራንሱ የሚያመሳክረው ከፓስፖርቱ ጋር ነው፤ ካልገጠመ ሂሳብ ሲመጣ አይከፍልም። አሁን ቪዛው ፓስፖርቱ ላይ ስላለ ዕድሜ ለማስቀየር መሯሯጡ ሌላ ጣጣ ነው፤ ይተዉት። ልጅዎ በ71 ዓመት ትፈልግ፤ ለዚያም ዕድሜ ይህን መስመር የማይዘጋ ውል ካገኘች ያንን ትግዛ። ሲመለሱ የልደት ማስረጃዎን ከወሳኝ ኩነት አውጥተው በእርጋታ ያስተካክሉታል። ሌሎቻችሁ የወላጅ ፓስፖርት የምታስወጡ ልጆች፣ እባካችሁ የእናታችሁን ዕድሜ በግምት አትሙሉ። ጥምቀትም ይሁን ጦርነት፣ የምታስታውሰውን ነገር ጠይቋት፣ ከዚያ ቁጠሩ።

ዕለታዊውን ሕክምና እንግዲህ ኢንሹራንስ የለም ብለው ይሰናዱለት። ለራስዎ የሚሆን መድኃኒት ሲያስገቡ የአሜሪካው የመድኃኒት ባለሥልጣን በጥቅሉ የሦስት ወር ያህል ይታገሣል። የግፊቱን ኪኒንና ኢንሱሊኑን የ90 ቀን ይያዙ፤ ክትትል የሚያደርግልዎ ሐኪም የሕመምዎን ስም፣ የመድኃኒቱን ስምና መጠን በእንግሊዝኛ ይጻፍልዎ። «ነጯ ትንሿ ኪኒን» ቨርጂኒያ ላይ ማንም አያውቃትም፤ አምሎዲፒን ከሆነ አምሎዲፒን ተብሎ ይጻፍ። ኢንሱሊኑን ዕቃ ክፍል በሚገባው ሻንጣ አያስገቡት፣ እዚያ በረዶ ሆኖ ሊበላሽ ይችላል፤ በእጅ ቦርሳ ይሁን። የድሬን ሙቀት ደግሞ እርስዎ ለእኔ አያስተምሩኝም። መብራት ሲጠፋ እርጥብ ሸክላ ውስጥ አስቀምጠው ያተረፉትን ኢንሱሊን ኤርፖርት በር ላይ ፀሐይ አያስመቱት።

ለቀረው ሦስት ወርስ? ኢንሱሊንዎ ጠርሙሱ ላይ ኤንፒኤች ወይም ሬጉላር የሚል ከሆነ፣ እንዲህ ያለው የቆየ ዓይነት አሜሪካ በአብዛኛው ግዛት ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል። ዋልማርት ፋርማሲ ውስጥ አንዱ ጠርሙስ ወደ 25 ዶላር ገደማ ነው። አዲሶቹ፣ ውድ የሚባሉት፣ ማዘዣ ይፈልጋሉ። ልጅዎ ዓይነቱን ሳታረጋግጥ፣ ጥንካሬው 100 መሆኑን ከጠርሙሱም ከሲሪንጁም ሳታይ እንዳትገዛ። ሐኪም ማየት ቢያስፈልግም በየሰፈሩ የኮሚዩኒቲ ጤና ማዕከል የሚባሉ አሉ፤ በፌዴራል መንግሥቱ የሚደገፉት ኢንሹራንስ የለህም ብለው አይመልሱም፣ ክፍያውን በቤተሰቡ ገቢ ልክ ያወርዱታል። ልጅዎ ከመምጣትዎ በፊት የሚቀርባትን ፈልጋ ትቆይ፤ ወልዳ ከተኛች በኋላ ማን ይፈልግላታል?

ጎረቤትዎ ስለ ቤት ሽያጩ የነገረችዎ ከባዶ የመጣ አይደለም፣ ግን ግማሹን ነው የነገረችዎ። እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣ ሕግ የአሜሪካ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የመጣን ሰው፣ ይክፈል አይክፈል ሳይል መርምሮ ሕይወቱ ካለበት አደጋ ማውጣት አለበት። ስለዚህ በር ላይ አይመልስዎትም። ሂሳቡ ግን በኋላ በፖስታ ይመጣል፤ አንድም አይደለም፣ የሆስፒታሉ ለብቻ፣ የሐኪሙ ለብቻ፣ የአምቡላንሱ ለብቻ። የመጀመሪያውን ወረቀት አይቶ መደንገጥም መክፈልም የለም። ልጅዎ በዝርዝር የተጻፈ ሂሳብ ትጠይቅ፤ ያልተደረገ ነገር ተጽፎ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ቀጥላ «የገንዘብ ድጋፍ ፎርም ስጡኝ» ትበል፤ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎች ከግብር ነፃ ስለሆኑ እንዲህ ያለ የድጋፍ አሠራር የመያዝ ግዴታ አለባቸው። ለማሳከክ፣ ለሳል፣ ለቀላል ቁስል ደግሞ ድንገተኛ ክፍል አይሂዱ፤ ኧርጀንት ኬር የሚባለው አለ፣ በብዙ ይረክሳል።

አስተርጓሚ ይጠይቁ። «አማርኛ» ብቻ ይበሉ፤ በስልክም ቢሆን በነፃ ያመጡልዎታል። አራስ ልጅዎን ወይም የልጅ ልጅዎን አያስተርጉሙ። እናት ለልጇ የማትናገረው ሕመም አለ፤ በጠረጴዛዬ ማዶ ስንቷ ሴት ሆዷን ይዛ «ራሴን ነው» እንዳለች እኔ አውቃለሁ።

ሰዓት ደግሞ። ዴይራ እያለሁ አንዲት የድሬ ሴትዮ የ8 ሰዓት ቀጠሮ ተሰጣት፤ ከምሳ በኋላ፣ በእኛው 8 ሰዓት፣ ሽር ብላ መጣች። ቀጠሮዋ ጠዋት ነበር፣ ኢንሹራንሱም ፈቃዱን ሰርዞታል። ለሳቅ ያህል ነገርኩዎ፤ የእርስዎ ግን መርፌ ነው። ቨርጂኒያ ከእኛ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፣ እነሱ ሰዓቱንም የሚቆጥሩት በፈረንጅ ነው። አውሮፕላን ውስጥና በገቡበት ቀን መርፌው መቼና ስንት እንደሚሆን ከሐኪምዎ ጋር ተነጋግረው በወረቀት ያጽፉት። የእጅ ሰዓትዎን የእኛ እንደሆነ ይተዉት፤ ልጅዎ የእነሱን ግድግዳ ላይ ትስቀልልዎ።

በነገራችን ላይ፣ በርበሬውንና ገንፎውን ስትሸክፉ ስለ እርስዎ ምሳ ማንም እንዳላሰበ እገምታለሁ። ኢንሱሊን የወጋ ሰው ያለ ምግብ ያን ሁሉ ሰዓት አይበርም። ቆሎ በኪስዎ ይሁን፣ ከረሜላም አይጥፋ።

ጥያቄ፦ «ሐረማያ ተመርቄ ለማስተርስ ጀርመን ልሄድ ነው፤ 28 ዓመቴ ነው። ለቪዛው የገዛሁት የጉዞ ኢንሹራንስ 30,000 ዩሮ ይሸፍናል። ለሁለቱ ዓመት ይበቃኛል አይደል? ካልሆነ በጣም ርካሽ የግል ኢንሹራንስ አግኝቻለሁ፤ ልግዛው?» ተማሪ፣ ከሐረር

አይበቃህም፣ አትግዛውም።

30,000 ዩሮው በሩን ያስገባሃል፤ ዩኒቨርሲቲው ግን ሲመዘግብህ የጀርመን የጤና መድን ይጠይቅሃል። ከ30 ዓመት በታች ስለሆንክ በሕግ በተቋቋሙት የጤና መድን ድርጅቶች በተማሪ ዋጋ ትገባለህ። የታመመም ያልታመመም ተማሪ በዚያው ስሌት ነው የሚከፍለው፤ ስኳር አለብህ፣ አስም አለብህ ብለው አያስወድዱብህም። መመዝገብህን ድርጅቱ ራሱ በኮምፒውተር ለዩኒቨርሲቲው ያሳውቃል። በርካሹ የግል ኢንሹራንስ ገብተህ «ከሕጋዊው ነፃ ልሁን» ብለህ ከፈረምክ ግን ትምህርትህ እስኪያልቅ ወደ ሕጋዊው መመለስ አትችልም። አንድ የጎረቤቴ ልጅ በዚህ ተይዞ ጥርሱን ለማስነቀል ድሬ እስኪመጣ ጠበቀ።

መድኃኒት ስትገዛ በማዘዣ ለአንዱ ከ5 እስከ 10 ዩሮ ትከፍላለህ፤ ሆስፒታል ብትተኛ በቀን 10 ዩሮ፣ በዓመት ቢበዛ ለ28 ቀን። ሌሊት ቢያምህና ለሕይወት የማያሰጋ ከሆነ 116117፣ የሚያሰጋ ከሆነ 112 ደውል። ብታገባና ሚስትህ ገቢ ባይኖራት በአንተው ያለ ተጨማሪ ክፍያ ትገባለች፤ እናትህን ግን፣ ከላይ እንዳሉት እማማ ሁሉ፣ ማስገባት አትችልም።

ካርዱ በፖስታ ነው የሚመጣልህ። እዚያ ፖስተኛ ሳጥኑ ላይ ስም ካላየ ደብዳቤውን ይዞ ይመለሳል። ቤት በገባህበት ቀን ስምህን ጽፈህ ሳጥኑ ላይ ለጥፍ፤ በፓስፖርቱ ፊደል፣ እስከ አያትህ ድረስ።